ደላላው ምን ይጻፍ?

(በመካነ ሰላም ለከተማዋ ነዋሪዎች፣ ለቤት አሻሻጮችና ለተማሪዎች የቀረበ ንግግር፤ ለኅትመት ሲዘጋጅ መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)

 

የጋበዙኝ ሰዎች የሰጡኝ ርእስ ቤት የሚያሻሽጡ ወገኖቻችን ሥራቸውን ለሕዝብ በጽሑፍ እንዴት ያስተዋውቁ የሚል ነው። እኔ ቤት ሸጬም አሻሽጬም አላውቅም፤ እንጀራዬ ጽሕፈት ነው። ስለዚህ ስለ ድለላ ላስተምራችሁ አልመጣሁም፤ በዚህ አዳራሽ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁት ብዙ ናቸው። የምናገረው ደላላው ብዕር ሲያነሣ ወይም ስልኩን ከፍቶ መጻፍ ሲጀምር ምን ይጻፍ በሚለው ላይ ብቻ ነው። ሐሳቤም አንድ ነው፤ ቤቱን ፎቶው ያሳያል፣ የደላላው ጽሑፍ ግን ፎቶ የማያሳየውን መናገር አለበት። በቅድሚያ ይህን ጽሑፍ የሚያነበው ማን እንደሆነ አነሣለሁ። ከዚያ ረዘም አድርጌ ስለ ሰነድ እናገራለሁ፤ ትዕግሥታችሁን የምለምነው እዚያ ላይ ነው። ቀጥሎ ስለ ዋጋ፣ በመጨረሻም ስለ አጻጻፉ ጥቂት ቃል።

እንግዲህ ከአንባቢው እንጀምር። የዚህ አካባቢ ቤት ገዢ ብዙ ጊዜ እዚህ የለም። ጅዳ ነው ያለው፣ ሪያድ ነው፣ ቤይሩት ነው፣ ዱባይ ነው፤ ቅርብ ከተባለ አዲስ አበባ ወይም ደሴ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ሴት ናት። ከወሎ ደጋ ወጥታ፣ በሰው ቤት ስትሠራ ውላ፣ ማታ ሥራ ስትጨርስ ስልኳን የምትከፍት ልጅ ናት። የላከችው ገንዘብ መጀመሪያ የእናቷን ጣሪያ ቆርቆሮ ያለብሳል፤ ሲተርፍ ከተማ ውስጥ ቦታ ይፈለግበታል። ይህ ገንዘብ በምን ዓይነት ኑሮ እንደሚገኝ እናውቃለን። በ2006 ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ከተመለሱት ውስጥ ከዚህ አገር የሄዱ ብዙ ነበሩ። የላኩት ገንዘብ ቤት ሆኖ የጠበቃቸው አሉ። ገንዘቡም ቤቱም የት እንደገባ ሳያውቁ የቀሩም አሉ።

ይቺ ገዢ ቤቱን በዓይኗ አታየውም። የሚያዩላት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ወንድሟ ወይም አጎቷ፣ ሻጩና ደላላው። ሦስቱም ከሽያጩ የሚያገኙት ነገር አለ። ወንድሟን ማማቴ አይደለም፤ ግን እሱም ቢሆን ጉዳዩ ቶሎ አልቆ እንዲገላገል ይፈልጋል። እስቲ አሁን በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚደርሳትን ማስታወቂያ አስታውሱ። «አሪፍ ቤት፣ ዋና መንገድ ዳር፣ ለፈላጊ ብቻ፣ ዋጋ በኢንቦክስ።» አራቱም ሐረጎች ምንም አይነግሯትም። አሪፍነቱን እሷ ራሷ ትፍረድ፤ ዋና መንገዱ የትኛው ነው? የደሴው በአቀስታ የሚመጣው ነው፣ ወይስ ወደ ጎጃም በጉንደወይን በኩል የሚያሻግረው? ፈላጊ ባትሆን መጀመሪያውኑ አታነበውም። ዋጋውን ደግሞ ደብቀውባታል። ይህን የሚጽፈው ደላላ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ከሌላው ደላላ ቀድቶ ነው፣ ያኛውም ከሌላው።

ይቺን ሴት ፊት ለፊቱ ያስቀመጠ ደላላ የሚጽፈው ነገር አያልቅበትም። ውሃው በየስንት ቀኑ ይመጣል? ግቢው ውስጥ ቧንቧ አለ ወይስ ከጎረቤት ይቀዳል? ከሆስፒታሉ ምን ያህል ይርቃል፣ እናቴ በእግሯ ትደርሳለች? ቅሬው (ዕድሩ) የማን ነው፣ አዲስ ገቢ ይቀበላል? መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ የት ናቸው? ክረምት ላይ ባጃጅ ይገባል? እነዚህን በስልክ መቶ ጊዜ የሚመልስ ደላላ አንድ ጊዜ በደንብ ቢጽፋቸው ለራሱም እረፍት ነው። የመጀመሪያው የጽሑፍ ምንጭ፣ እንግዲህ፣ የስልኩ ጥሪ ነው። የተጠየቀውን ሁሉ ማታ ማታ ደብተር ላይ የሚይዝ ደላላ በወር ውስጥ የዓመት ርእስ ይሰበስባል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገሬ ልሻገር፤ ወደ ሰነዱ።

ሁላችንም «መሬት ገዛሁ» እንላለን። በሕግ ግን ማንም መሬት አልገዛም። የገጠር መሬት የካቲት 25 ቀን 1967 በወጣው አዋጅ፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ደግሞ በዚያው ዓመት ሐምሌ በወጣው በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሆኑ። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም ብሏል። የሚሸጠው ቤቱና በቦታው የመጠቀም መብቱ ነው። ይህን ሁላችሁም ሰምታችሁታል፤ ግን ከዚህ የሚከተለውን ነገር ለገዢ በቀላል ቋንቋ የሚጽፍ ደላላ እስካሁን አላየሁም።

የሚከተለው ምንድን ነው? አንድ ዓይነት የሚመስሉ፣ ጎን ለጎን የቆሙ ሦስት ቤቶች በሰነድ ፈጽሞ የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱ ነባር ይዞታ ላይ የተሠራ ነው። ሁለተኛው በሊዝ የተገኘ ቦታ ላይ ነው። ሦስተኛው ከከተማው ጫፍ፣ ከገበሬ እጅ በወረቀት ላይ በተጻፈ ውል የተገኘ ነው። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ፣ አዲሱ ባለቤት ቦታውን በሊዝ እንደሚይዘው ደንግጓል። ይህ ማለት ገዢዋ ለሻጩ ከከፈለችው ሌላ የሊዝ ጉዳይ ይጠብቃታል። ሊዝ ላይ ያለው ቤት ደግሞ ዕድሜ አለው፤ ለመኖሪያ የሚሰጠው ዘመን 99 ዓመት ነው። የተከፈለና ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ ይኖረዋል፣ ግንባታው ሳይጋመስ ለሌላ ሲተላለፍም ገደብ አለበት። «ካርታ አለው» የሚል ማስታወቂያ ከእነዚህ አንዱንም አይናገርም። የምን ካርታ? በማን ስም? ስንት ዓመት የቀረው? ዕዳና ዕግድ አለበት ወይ?

ሦስተኛው ዓይነት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚያ ነውና። በገበሬው እጅ የይዞታ ደብተር አለ። ደብተሩ እውነተኛ ነው፣ ማኅተሙም እውነተኛ ነው። በሕጉ መሠረት ገበሬው መሬቱን ሊያከራየው፣ ሊያወርሰው፣ ሁኔታው ሲሟላ በስጦታ ሊሰጠው ይችላል። ሊሸጠው ግን አይችልም። ስለዚህ ሦስት ሽማግሌ ተቀምጦበት፣ ጣት ተቀብቶ የተፈረመው የሽያጭ ወረቀት ፍርድ ቤት ሲደርስ አያድንም። ከተማው ሲሰፋና መሬቱ በካሳ ሲወሰድ፣ ካሳው የሚሄደው በመዝገብ ላይ ወዳለው ባለይዞታ ነው። ጅዳ ሆና ገንዘቡን የላከችው ልጅ በዚያ መዝገብ የለችም። ማታ ተሠርቶ ጧት የሚታየው የጨረቃ ቤት ሲፈርስም ቀድሞ የሚጠፋው ቀብድ ተቀብሎ የነበረው ደላላ ስልክ ነው። ይህን ስል ሁሉንም ደላላ አልወነጅልም፤ ግን በደላላ ላይ ከሚወርደው ስድብ ግማሹ ከዚህ የመጣ ነው፣ ያም ግማሽ ይገባዋል እላለሁ።

የራሱ ያልሆነውን የሚሸጥ ሻጭ ለገዢው የሚያስተላልፈው ክርክር ብቻ ነው። ለዚህ የአገራችን ታሪክ ትልቅ ምስክር አለው፤ ከዚህም ሩቅ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ከአምባው የዘረፈውን ቅርስ አውርዶ፣ ከሳምንት በኋላ ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን በጨረታ ሸጠ። ዕቃው ከአምባው የወረደው በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ነው። ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆምስ ገንዘብ ይዞ በጨረታው ነበር። ጨረታው በሥርዓት ተካሂዷል፤ ተጫራች ነበር፣ ዋጋ ነበር፣ ገንዘቡም ለወታደሩ ተከፋፍሏል። ሻጩ ግን ባለቤት አልነበረም። ይኸው ከ150 ዓመት በላይ አልፎም ያ ሽያጭ አላለቀም፤ ኢትዮጵያ ዛሬም ታቦታቷንና ንዋያተ ቅድሳቷን ትጠይቃለች። ለመቅደላ ሰው የባለቤትነት ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ ከውጭ ለምትገዛውም ለሚሸጠውም ዋናው ሰነድ ውክልና ነው። አንድ ሰው «የእህቴ ውክልና አለኝ» ብሎ ሲመጣ ደላላው ደስ ይለዋል። ደስታው ትንሽ ይቆይ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላ ውክልና የሚሰጠው የማስተዳደር ሥልጣን ብቻ እንደሆነ ይናገራል፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም መያዣ ለማድረግ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ማለትም ወረቀቱ ላይ «እንዲሸጥ» የሚለው ቃል በግልጽ ካልተጻፈ፣ ወንድምየው ቤቱን ሊያከራይ፣ ሊያሳድስ፣ ግብር ሊከፍል ይችላል፤ ሊሸጥ አይችልም። ውክልና ሊሻር ይችላል፤ ወካዩ ሲሞትም በመርሕ ደረጃ ይቋረጣል። በውጭ አገር የተሰጠ ከሆነ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል መረጋገጥ አለበት። አያችሁ፣ ይህ ብቻውን ለአንድ ደላላ ሦስት ጥሩ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ አንዱ ከውጭ ለሚልኩ፣ አንዱ እዚህ ሆነው ለሚቀበሉ፣ አንዱ ተወክሎ ከመጣ ሰው ለሚገዙ።

ሌላው ትዳር ነው። በቤተሰብ ሕጋችን የባልና ሚስት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሁለቱ ስምምነት ሳይኖር አይሸጥም። ካርታው በአባወራው ስም ብቻ መሆኑ ነገሩን አይለውጠውም። ባልየው ፈርሞ፣ ሚስትየዋ ዓረብ አገር ሆና ሳትሰማ የተሸጠ ቤት፣ እሷ በተመለሰች ቀን እንደገና ችግር ይሆናል። ውርስም እንዲሁ ነው። አባት ከሞተ ዓመታት አልፈው፣ ስሙ ግን እስካሁን ካርታው ላይ ነው። ልጆቹ አምስት ናቸው፤ አንዱ አዲስ አበባ፣ ሁለቱ ጅዳ፣ አንዷ አግብታ ሳይንት። ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ታናሹ «የኔ ነው» ብሎ ይሸጣል። እዚህ ጋ ደላላው የቅሬ ዳኛውን ሄዶ መጠየቅ አለበት። የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ የማያውቀውን የቅሬው ሰው ያውቃል። ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን የት እንደሄደ፣ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ከእሱ የተሰወረ የለም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ሳልለይ ማለፍ አልፈልግም። ይህን ሁሉ ጻፉ ስል የሰው ቤተሰብ ጓዳ ገበያ ላይ አውጡ ማለቴ አይደለም። ጽሑፉ «የእነ እገሌ ቤት ክርክር አለበት» ማለት የለበትም፤ «የውርስ ቤት ስትገዙ ይህን ጠይቁ» ይበል። የካርታውን ፎቶ ደግሞ አንሥታችሁ በቴሌግራም አትልቀቁ። ስሙ፣ የፋይል ቁጥሩ፣ ማኅተሙና ፊርማው ቁልጭ ብሎ የሚታይ ካርታ ለሐሰተኛ ሰነድ ሠሪ የተዘጋጀ ግብዣ ነው። ካርታውን አየሁት ብሎ መጻፍና ካርታውን ማሳየት የተለያዩ ናቸው።

ስለ ውልና ስለ ቀብድ በአጭሩ። የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ መሆን፣ ሥልጣን ባለው አካል ፊትም መመዝገብ አለበት፤ በሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ የተፈረመው አይበቃም። ቀብድን በተመለከተ ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ከፈረሰ ቀብዱን እንደሚያጣ፣ ተቀባዩ ከፈረሰ ደግሞ እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ ይናገራል። ይህን እጥፉን ነገር ሻጮች ሲሰሙት ብዙ ጊዜ ይደነግጣሉ። ደንግጠው ከሆነ ቀድሞ የነገራቸው የለም ማለት ነው፤ ቀድሞ መንገር ደግሞ የደላላው ድርሻ ነበር።

አሁን ስለ ዋጋ። በዚህ ላይ ከአንዳንዶቻችሁ ጋር እንደማንስማማ አውቃለሁ፤ አብሽሩ፣ አልጣላም።

ደላላ ዋጋ የማይጽፈው ለምንድን ነው? ሲጠየቅ የሚሰጠው ምክንያት «ዋጋ ተለዋዋጭ ነው»፣ «ሰው ሳያየው ዋጋውን ሰምቶ ይሸሻል» የሚል ነው። እውነተኛው ምክንያት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው። ባለቤቱ «እኔ ይህን ያህል ይድረሰኝ፣ ከዚያ በላይ ያመጣኸው ያንተ ነው» ይላል። ከዚያ ቅጽበት ጀምሮ ደላላው አገናኝ መሆኑ ቀርቶ ነጋዴ ሆነ ማለት ነው፤ በሰው ቤት የሚነግድ ነጋዴ። ዋጋውን ከጻፈ ባለቤቱ ያየዋል። ገዢው ከባለቤቱ ጋር ከተገናኘ ልዩነቱ ይገለጣል። ስለዚህ ዋጋው በኢንቦክስ ይሆናል፣ ባለቤቱም «አገር ውስጥ የለም» ይባላል። እኔ እንደማየው ይህ ልማድና ለሕዝብ መጻፍ አብረው አይሄዱም። በጽሑፍ መታመን የሚፈልግ ደላላ በቅድሚያ ኮሚሽኑን በመቶኛ ወይም በቁርጥ ዋጋ ወስኖ፣ ያንንም ለሁለቱም ወገን ጽፎ ማሳወቅ ይኖርበታል። በ1952 የወጣው የቀድሞው የንግድ ሕጋችን ደላላን ያወቀው ተዋዋዮችን በማገናኘት ነበር። ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 የወጣው የሪል እስቴት ልማትና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትና ግመታ አዋጅም ግብይቱንና ግመታውን ለብቻው የሕግ ጉዳይ አድርጎታል። አቅጣጫው ወዴት እንደሆነ ግልጽ ነው፤ በጓዳ የሚቆረጥ ዋጋ ጊዜው እያለፈበት ነው።

ዋጋ መጻፍ ምን እንደሚያመጣ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። አሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ ማርከስ ሸሪዳን የሚባል ሰው ከአጋሮቹ ጋር የመዋኛ ገንዳ ይሸጥ ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ ማንም ሰው ገንዳ የሚገዛበት አቅም አጣ፣ ድርጅቱም ሊዘጋ ደረሰ። ሰውየው ያደረገው ነገር ቀላል ነው። ደንበኞች ለዓመታት የጠየቁትን ጥያቄ ሁሉ አስቦ ለእያንዳንዱ በጽሑፍ መልስ ሰጠ። የመጀመሪያው ጥያቄ ተፎካካሪዎቹ ሁሉ የሚሸሹት ነበር፤ «ገንዳ ስንት ያወጣል?» ቁርጥ ያለ ዋጋ አልሰጠም፤ ዋጋውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ምን እንደሆነ፣ ከስንት እስከ ስንት እንደሚደርስ አስረዳ። የራሱ ዕቃ ጉድለት ምን እንደሆነም ጻፈ። ሰው ያንን አንብቦ ወደ እሱ መጣ፣ ድርጅቱም ዳነ፤ በአውሮፓውያኑ 2017 በዚሁ ላይ መጽሐፍ አሳትሟል። እኛ ገንዳ አንሸጥም፤ ግን «ከስንት እስከ ስንት፣ በምን ምክንያት» የሚለው አጻጻፍ መካነ ሰላም ላይም ይሠራል።

ምንጩ ከየት ይመጣል ለሚሉ፣ በአደባባይ ያለ ዋጋ አለ። ከተማ አስተዳደሮች የሊዝ ጨረታ ሲያወጡ የአሸናፊው የካሬ ሜትር ዋጋ ይታወቃል። ባንኮች ያልተከፈለ ብድር መያዣ የሆነውን ቤት በሐራጅ ሲሸጡ የቦታውን ስፋትና የጨረታ መነሻ ዋጋውን በጋዜጣ ያወጣሉ፤ አዲስ ዘመንንም ሪፖርተርንም ገልጣችሁ ተመልከቱ። ደላላው ራሱ ያሻሻጣቸውን ደግሞ ስም ሳይጠራ መጻፍ ይችላል። «በዚህ ዓመት በዚህ ሰፈር የጭቃ ቤት ያለበት 200 ካሬ ከዚህ እስከዚህ ተሽጧል፤ ልዩነቱን ያመጣው የመንገዱ ቅርበትና የሰነዱ ንጽሕና ነው።» ይህን የመሰለ ሁለት ዐረፍተ ነገር በየሦስት ወሩ የሚጽፍ ደላላ በአምስት ዓመት ውስጥ ማዘጋጃ ቤቱም የማይኖረው መዝገብ ይኖረዋል። «መንገዱ ሊሠራ ነው፣ ዋጋ ሊጨምር ነው» የሚል ወሬ በመጣ ቁጥርም የሚያመሳክርበት ነገር አለው።

ስለ ኪራይም እንዲሁ። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በዚህ በመካነ ሰላም ግቢዎቹን ከከፈተ ወዲህ ክፍል ፈላጊው መምህርና ሠራተኛ ነው፤ ከሌላ አገር የመጣ፣ ሰው የማያውቅ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ ባሉ ከተሞች ተፈጻሚነቱ የክልል ውሳኔ ነው፤ ተከራዩም አከራዩም ግን ስለ አዋጁ ሰምተው ግማሹን ብቻ ይዘዋል። በዚህ ላይ አንድ ገጽ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል።

የቀረኝ ስለ አጻጻፉ ነው፤ ፈጠን እላለሁ። በጋ ላይ የተነሣ ፎቶ ብቻውን ይዋሻል። ጥር ላይ ያማረ ግቢ ነሐሴ ላይ ረግረግ ሊሆን ይችላል፤ መረሬ አፈር ባለበት ደግሞ መሬቱ በዝናብ ያብጣል፣ በፀሐይ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውንም አብሮ ይሰነጥቀዋል። መሠረቱ ድንጋይ ነው ወይስ ባሕር ዛፉ ከአፈር ላይ ነው የቆመው? ምስጥ ነክቶታል? ይህን ጻፉ። ሕግን የሚመለከት ጽሑፍ ስትጽፉ ቀኑን ከላይ አድርጉ፤ አዋጅ ይሻሻላል፣ የዛሬ ሁለት ዓመት የጻፋችሁትን ሰው ዛሬ ያነበዋል። ጠበቃ ነን አትበሉ፤ «ለእርግጠኝነት የፍትሕ ጽሕፈት ቤቱን ወይም ማዘጋጃ ቤቱን ጠይቁ» ብሎ መጨመር አያሳፍርም። ስልክ ላይ ብቻም አትጻፉ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠ ጊዜ ሥራው ሁሉ በቴሌግራም የነበረ ሰው ባዶ እጁን ቀረ። አንድ ገጽ አሳትሞ በገበያ ቀን ማደል፣ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ መለጠፍ አሁንም ይሠራል፤ ማንበብ የማይችለው አባትም ልጁ ያነብለታል።

ሁለት ፍርሃት እንዳለ ሰምቻለሁ። አንዱ «ሁሉን ከጻፍኩ ገዢና ሻጭ ያለ እኔ ይጨርሳሉ» የሚል ነው። አንዳንዱ ይጨርስ ይሆናል። ጅዳ ያለችው ግን አትጨርስም፤ መዝገብ ቤት የሚሄድላት፣ የቅሬ ዳኛውን የሚጠይቅላት፣ ክረምት ላይ ግቢውን የሚያይላት ሰው ያስፈልጋታል፤ ገንዘብ የምትከፍለውም ለዚህ ነው። በር በማሳየት ብቻ ኮሚሽን የሚቀበል ደላላ ቢፈራ እውነቱን ነው። ሁለተኛው ፍርሃት የሻጭ ቁጣ ነው፤ «ጉድለቱን ካወራህ ቤቴን አትሽጥልኝ» ይላል። ይበል። ጣሪያው እንደሚያፈስ ተጽፎ የተሸጠ ቤት ላይ ገዢው ተመልሶ አይከስም። ይህን ለሻጩ አስረድቶ ማሳመን የማይችል ደላላ ለገዢዋም ምንም አያስረዳም። ደግሞ ሁሉንም ቤት መያዝ ግዴታ አይደለም፤ ሰነዱ ያልጠራን ቤት «አልሸጥም» ብሎ መመለስ፣ ምክንያቱንም ስም ሳይጠሩ መጻፍ ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ደንበኛ ያመጣል።

ስለዚህ እዚህ ያላችሁ አሻሻጮች ከነገ ጀምሮ አንድ ገጽ ጻፉ፤ ስለ ሌላ ነገር ሳይሆን ስለ ውክልና፣ ምክንያቱም ከዚህ አገር ለሄዱት ልጆች ከሁሉ ቀድሞ የሚያስፈልጋቸው እሱ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ጽሑፉን አይቶ ስሕተት ካለው ያርምላችሁ። ቤት የምትገዙ ደግሞ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ደላላውን አራት ነገር በጽሑፍ ጠይቁት፤ ይዞታው ምን ዓይነት ነው፣ ካርታው በማን ስም ነው፣ የትዳር ጓደኛውና ወራሾቹ ተስማምተዋል ወይ፣ ያንተ ኮሚሽን ስንት ነው። በቃል ብቻ ሊመልስላችሁ ከፈለገ ሌላ ደላላ ፈልጉ።